ሬዚደንሲ ያልደረሰው ሐኪም ወዴት ይሂድ?

ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ የተመረቀ ሁሉ ሬዚደንሲ አይገባም። ብሔራዊውን የመግቢያ ፈተና የሚወስደው ብዙ ነው፤ ቦታው ግን ውስን ነው። ታዲያ ሳይደርሰው የቀረና ሰፈርተኛው "ወደቀ" የሚለው ሐኪም ምን ይሻለዋል?

አንደኛው መንገድ በጠቅላላ ሐኪምነት መቀጠል ነው። ደባርቅን በመሰለ የደጋ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ምጡንም፣ የሕፃኑን የሳንባ ምችም፣ ከገደል የወደቀውንም እሱው ያያል። ይህ ልምድ ለሚቀጥለው ፈተናም ስንቅ ይሆናል።

ሁለተኛው የኅብረተሰብ ጤና ነው። ብዙዎቻችን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ምርጫ እናየዋለን። ነገር ግን የጎንደር ኮሌጅ ራሱ የተጀመረው በዚሁ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ተቋቋመ። የሐኪሞች ትምህርት የተከተለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም በዳባት የምርምር ማዕከል በኩል ከየቤቱ የሚሰበሰበው የልደትና የሞት መረጃ ተንታኝ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ማስተማር ነው፦ በአናቶሚ ወይም በፊዚዮሎጂ ማስተርስ ይዞ መምህር መሆን ይቻላል።

ሆኖም ዲግሪ ለመጨመር ብቻ የማይወዱት ትምህርት ውስጥ መግባት ኋላ ያስቆጫል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሥራ ፈትቶ የሚቀጥለውን ፈተና መጠበቅ ነው። በሽተኛ ሳይነካ ዓመት የከረመ እጅ ሙያውን ይረሳል።