የሁሩሙ ዘዋል በግድግዳ ላይ

ሶላት ወቅት የተወሰነላት ግዴታ መሆኗን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። ታዲያ ለአዲስ አበባ የተሰላ የሶላት ሰዓት ሰንጠረዥ ይዘን ሁሩሙ ወይም መቱ ላይ ብንሰግድስ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ለመሻገር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። አዲስ አበባ በ38.75፣ ሁሩሙ ደግሞ በ35.7 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ይገኛሉ። ልዩነቱ 12 ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ሰንጠረዥ የሚያፈጥር የሁሩሙ ጾመኛ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ውሃ ይጎነጫል ማለት ነው። ዙህርም እንዲሁ ወቅቱ ሳይገባ ይሰገዳል።

የቀደሙት ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ዒልሙል ሚቃት ብለው አጥንተውታል። በደማስቆ የኡመያ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር በ773 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1371) ለመስጂዱ ሚናራ የፀሐይ ሰዓት ሠርቷል። ጥላ የሚጥለው ዘንግ፣ በዐረብኛ ሻኺስ የሚባለው፣ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ ነበር። ዘንጉ እንዲህ ሲተከል የአንድ ሰዓት ጥላ ክረምት ከበጋ በአንድ መስመር ላይ ይውላል። ሆኖም የዘንጉ ተዳፋት ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት። የደማስቆ 33.5 ዲግሪ ነው፤ የሁሩሙ 8.3 ገደማ። ስለዚህ የእነርሱን ሻኺስ ገልብጠን ልንተክል አንችልም።

ወደ ደቡብ በሚያይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ሻኺሱ ከአግድም መስመር 8.3 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነብላል። አንድ ፌሮ ከግድግዳው 30 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ቢወጣ ጫፉ ከሥሩ 4.4 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። ከሥሩ በቱምቢ ቀጥታ ወደ ታች የሚሰመረው መስመር የዘዋል መስመር ነው። የቀሩት የሰዓት መስመሮች ከእርሱ ግራና ቀኝ በየ15 ዲግሪው ገደማ ይሰመራሉ። እንዲህ እኩል የሚሆኑት ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ነው፤ በደማስቆ ከዘዋል ሦስተኛው ሰዓት በ45 ሳይሆን በ40 ዲግሪ አካባቢ ይውላል።

ሁለት ነገሮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የግድግዳው አቅጣጫ ነው። ከሁሩሙ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 16 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በትክክል ወደ ቂብላ የተሠራ መስጂድ የኋላ ግድግዳው ከደቡብ ወደ ምዕራብ በዚያው መጠን ዞሯል። መፍትሔው ሰሌዳውን በላሜራ ሠርቶ የምዕራብ ጠርዙን ከግድግዳው ማራቅ ነው፤ ለ60 ሳንቲሜትር ሰሌዳ 17 ሳንቲሜትር ይበቃል። ትክክለኛውን ደቡብ ለማግኘት ኪታቦቻችን የሚያስተምሩትን የሂንድ ክብ እንጠቀም፦ በውሃ ልክ በተስተካከለ መሬት ላይ ክብ ሠርተን መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት እንተክላለን። የጥላው ጫፍ ጠዋት ክቡን የነካበትንና ከሰዓት በኋላ የነካበትን ነጥብ አገናኝተን መስመሩን እኩል ስንከፍል፣ ከእንጨቱ ወደ መክፈያው ነጥብ የሚሄደው መስመር ሰሜንና ደቡብን ያሳያል።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ታልፋለች፤ የደቡቡ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ በሰሜን በኩል ሁለተኛ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ የእርሱ ሻኺስ በዚያው 8.3 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ይላል። በእርግጥ የኢሉባቦር ክረምት ደመናማ ስለሆነ ይህኛው ብዙ ቀን ሥራ ይፈታል።

ጥላው የዘዋሉን መስመር አልፎ ሲሄድ ዙህር ገብቷል። በዚያች ቅጽበት የእጅ ሰዓታችን ሁሌ አንድ ቁጥር አያሳይም፤ በጥቅምት መጨረሻ 6:21፣ በየካቲት መጀመሪያ 6:51 አካባቢ ይሆናል። ዐስርን ለማወቅ ደግሞ መሬት ላይ የተተከለ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ጥላው በዘዋል ጊዜ ከነበረው በእንጨቱ ቁመት ልክ ሲጨምር ወቅቱ ይገባል፤ በሐነፊዮች ዘንድ በሚታወቀው አቋም በሁለት እጥፍ።

ስልካችን ያለንበትን ቦታ በትክክል ካወቀ መልካም ነው። ማወቁን የምናረጋግጠው ግን በዚህች ፌሮ ነው። ሒሳቡን ከክፍል፣ ወቅቱን ከኪታብ ተምረናል፤ ሁለቱን አገናኝቶ ለጀመዓው ማቅረብ የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። አላህ ሶላታችንን በወቅቷ ከሚሰግዱት ያድርገን።