ፍቅር ገደላቸው ወይስ ችኰላ?
(ስለ ትራጄዲ ቴአትር የቀረበ አጭር ጥናት)

ባለፈው የዕረፍት ቀን አራት ሆነን ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ፀዳ ወርደን ነበር። ከአራታችን አንዱ የፀዳ ልጅ ነውና እናቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ከመካከላችን አንዱ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሮሚዎና ዡልየት» ይዞ ስለ ነበር፥ ረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጠን እየተቀባበልን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብ ጀመር። የቤቱ እመቤት መጀመሪያ የሚሰሙም አይመስሉም ነበር። በረካው ሲቀዳ ግን ጀበናውን አስቀመጡና፦ «ለመሆኑ በዚያ አገር ሽማግሌ የለም? ልጆቹስ ልጆች ናቸው፤ አባትየውን ምን አስቸኰለው?» ብለው ጠየቁን።

መልስ አጣን። እኛ ሁላችን ያን ድርሰት የፍቅር ታሪክ ነው ብለን ተምረነዋል። እሳቸው ግን የችኰላ ታሪክ አድርገው ሰሙት። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

፩ኛ/ ትራጄዲ ማለት ምን ማለት ነው?

ትራጄዲ ማለት መጨረሻው ሞት የሆነ ቴአትር ሁሉ ማለት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ድርሰት ሲያስተምር፥ የትራጄዲ ባለታሪክ ፍጹም ጻድቅም ፍጹም ክፉም መሆን የለበትም ይላል። ጻድቁ ሲጠፋ ብናይ እንቈጣለን፤ ክፉው ሲጠፋ ብናይ ደግሞ የእጁን አገኘ እንላለን። ልባችን በፍርሃትና በርኅራኄ የሚነካው ግን እንደኛው ያለ ሰው በአንድ ስሕተት ሲወድቅ ያየን እንደሆነ ነው። እንግዲህ በጥንታዊው ቴአትር ውስጥ ያ ስሕተት ብዙ ጊዜ አንድ መልክ አለው፤ እሱም ለማሰብ ጊዜ ሳይሰጡ መሥራት ነው።

፪ኛ/ የአምስት ቀን ፍቅር

ሼክስፒር ይህን ድርሰት የጻፈው በ1590ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ነው። ታሪኩን እሱ አልፈጠረውም። አርተር ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1562 በግጥም ጽፎት ነበር። በብሩክ ግጥም ውስጥ ፍቅሩ ወራት የፈጀ ነው፤ ልጅቱም የ16 ዓመት ቈንጆ ናት። ሼክስፒር ግን ወራቱን ወደ አራት አምስት ቀን አሳጠረው፤ የልጅቱንም ዕድሜ ገና 14 ያልሞላት አደረገው። ደራሲው ጊዜውን ያሳጠረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እስቲ ቀኖቹን እንቍጠር።

እሑድ ጧት የሁለቱ ቤተ ሰብ ሎሌዎች በአደባባይ ይጣላሉ። እሑድ ማታ ልጆቹ በግብዣ ላይ ይተያያሉ፤ በዚያው ሌሊት ለጋብቻ ቃል ይገባባሉ። ሰኞ ከቀትር በኋላ በስውር ይጋባሉ። ጋብቻው ከተፈጸመ ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ ሮሚዎ የወዳጁን ደም ለመመለስ ሲል የሚስቱን ዘመድ ቲባልትን ይገድላል፤ ከከተማም እንዲሰደድ ይፈረድበታል። ማክሰኞ ሲነጋ ይለያያሉ። ማክሰኞ ማታ ልጅቱ የሚያስተኛውን መድኃኒት ትጠጣለች፤ ረቡዕ ጧት ሞተች ተብሎ ይለቀሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቃብሩ ብቻ ነው።

ልብ በሉ! ሮሚዎ ቲባልትን ባይገድል ኖሮ ስደት አልነበረም። ስደት ባይኖር መድኃኒቱ ባላስፈለገ። የሚስቱን ሞት በሰማ ጊዜም የአሽከሩን ቃል ብቻ አመነ፤ መነኵሴውን እንኳ ሳያማክር መርዝ ገዝቶ ገሠገሠ። ጥቂት ታግሦ ቢሆን ልጅቱ ዐይኗን ስትገልጥ ባገኛት ነበር። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ልጅ ግን ካፈሰሰ በኋላ የሚለቅምበት ጊዜ አላገኘም።

፫ኛ/ የሽማግሎች ችኰላ

ወደ ፀዳዋ እናት ጥያቄ እንመለስ። በትምህርት ቤት ስንማር ጥፋቱን ሁሉ በወጣቶቹ ላይ መጫን እንወዳለን። ድርሰቱን ግን ደግመን ብናነብ ከወጣቶቹ ይልቅ የቸኰሉት ትልልቆቹ ሆነው እናገኛቸዋለን።

የልጅቱ አባት በመጀመሪያ ልጄ ገና ናት፥ ሁለት ዓመት ይቈይ ብሎ ነበር። ቲባልት በሞተበት ዕለት ሌሊት ግን ልጁን ሳይጠይቅ ሠርጉን ለሐሙስ ቈረጠ፤ እሺ ያለች በመሰለው ጊዜም ደስታው አላስችል ብሎት ወደ ረቡዕ አቀረበው። ያች አንዲት ቀን የመነኵሴውን ዕቅድ አፈረሰች። መነኵሴውም ቢሆን ወጣቱን ቀስ በል እያለ ይመክራል፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ጋብቻውን በስውር የሚፈጽም እሱ ነው። ለሮሚዎ የላከው ደብዳቤም መልእክተኛው ወረርሽኝ ገብቶበታል ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ስለ ተዘጋበት ሳይደርስ ቀረ። ሁለቱን ቤተ ሰብ በአደባባይ አቀራርቦ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቅ አላለም። የታረቁት በልጆቻቸው ሬሳ ላይ ነው።

፬ኛ/ ሌሎች ምሳሌዎች፥ አንድም ተቃውሞ

ይህ ነገር የአንድ ድርሰት ብቻ አይደለም። በግሪኩ ደራሲ በኤውሪጲደስ «ሂጶሊጦስ» (428 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) አባት ልጁን በሐሰት ክስ ሳይመረምር ረግሞ ያስጠፋዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ደግሞ አንድ ታላቅ የጦር አዛዥ በአንድ መሐረብ ምክንያት ንጽሕት ሚስቱን ይገድላል። በጦር ሜዳ ፈጥኖ መቍረጥ ጀግና ያደረገው ሰው፥ በቤቱም እንደ ጦር ሜዳ ፈጥኖ ፈረደ። በጎ ጠባዩ ራሱ ጥፋቱ ሆነ።

«ሐምሌትስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐምሌት የሚጠፋው በማመንታት ነው። ነገር ግን ያ ሲያመነታ የኖረ ልዑል፥ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ሳያይ በሰይፍ ወግቶ የልጅቱን አባት የገደለው በአንዲት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ችኰላ የትራጄዲ ብቸኛ ምክንያት ነው አልልም። ፍቅርም ሆነ ቂም ወደ ሞት የሚያልፍበት በር ብዙ ጊዜ እሱ ነው እላለሁ።

፭ኛ/ በኛ መድረክ

በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ንጉሥ በአንድ አፍታ ባየው ውበት ተማርኮ ታማኝ ወታደሩን ወደ ሞት የላከበት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው። የዚያ መድረክ መጋረጃ የተገለጠው እንግዲህ በፍቅርና በችኰላ ላይ ነው።

ለኛ ለጎንደሬዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬም ለመድረክ ጽፈዋቸዋል። የሚወዷት ሚስታቸው ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ስታርፍ፥ ቍጣቸውን የምታበርድ ሰው ዐብራ ሄደች ይባላል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘበዙ፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የመንግሥት ውድቀት ብዙ ምክንያት አለው፤ በአንዲት ሴት ሞት ብቻ አይፈታም። ደራሲዎችን የሳባቸው ግን ያ አርስጣጣሊስ ያለው ሰው ነው፤ ትልቅ ሐሳብ ያለው፥ ልቡ ግን ከሐሳቡ የሚቀድም።

ማጠቃለያ

ከፀዳ ስንነሣ እመቤቲቱ እስከ ደጅ ሸኙን። በዚያም እንዲህ አሉን፦ «የኔን ወንድም የገደለው ክፉ ሰው አልነበረም ልጆቼ። በወሰን ነገር ተናደደ፥ ቸኰለ። የአንድ ማታ ነገር ነው። ሽማግሎች ደሙን ለማድረቅ ግን ሰባት ዓመት ተመላለሱ።» ከዚያ ወዲያ እስከ አዘዞ ድረስ ማናችንም ብዙ አልተናገርንም።

ቬሮና ሩቅ አገር ናት ብለን አናንብብ። በደጋማው አገራችን ደም የተቃባ ዘር ዛሬም አለ፤ በየመኝታ ክፍላችንም በአንድ ቃል የሚነሣ ጠብ አለ። ከእርቅ በፊት የሚመጣው ሞት እንጂ ከሞት በፊት የሚመጣው እርቅ ቴአትር አይወጣውም ይሆናል፤ ለኛ ግን የሚሻለን እሱ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
፩/ የሮሚዎ ደብዳቤ በጊዜው ደርሶ ቢሆን የሁለቱ ቤተ ሰብ ጠብ ይበርድ ነበርን?
፪/ ኦቴሎን ያጠፋው ቅናት ነው ወይስ አለመመርመር?
፫/ በየአገራችሁ ሽማግሎች የተጣላን ሰው ከማስታረቃቸው በፊት ጊዜ የሚገዙት በምን ዘዴ ነው? ከወላጆቻችሁ ጠይቃችሁ ኑ።