ከገዳሪፍ ሐዲድ የቀረው

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ድንበር የሚሻገር መንገደኛ፣ ጋላባትን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ገዳሪፍ ይደርሳል። ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ላይ የምትገኝ የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባለው ሜዳ ላይ ባቡር የማይመላለስበት የባቡር መንገድ አለ። ይህ መንገድ ለምን ተሠራ? ለምንስ ተተወ?

መንገዱ መጀመሪያ የተሠራው ለጥጥ ሲባል ነው። የመረብ ወንዝ ከደጋው ወርዶ ሱዳን ሲገባ ጋሽ ይባላል። በየክረምቱ ይዞት የሚመጣውን ደለል በከሰላ ሜዳ ላይ ያራግፍና ባሕር ሳይደርስ በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል። በዚህ ደለል ላይ የሚበቅለውን ጥጥ ወደ ቀይ ባሕር ለማድረስ፣ ሱዳንን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ከሐያ እስከ ከሰላ ሐዲድ አስዘረጋ፤ ሥራውም በ1924 ተፈጸመ። ሐያ ከፖርት ሱዳን ወደ መሐል አገር በሚገባው ዋና መስመር ላይ ያለች መገናኛ ናት። ከዚያም ሐዲዱ ወደ ደቡብ ቀጥሎ፣ የአትባራን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ በ1928 ገዳሪፍ ገባ። በ1929 ደግሞ ሰናር ላይ ዓባይን ተሻገረ። ከሐያ እስከ ሰናር ያለው ርቀት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የገዚራ ጥጥም በካርቱም በኩል ሳይዞር ወደ ወደብ የሚወርድበት አቋራጭ አገኘ።

ለጥጥ የተሠራው ሐዲድ ገዳሪፍንም ጠቀመ። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር መረሬ መሬት ለም ቢሆንም፣ እህሉ በግመል ተጭኖ የሚደርስበት ገበያ ውስን ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ በትራክተር የሚታረስ ሰፋፊ እርሻ ሲጀመር ምርቱን የሚያነሣ ባቡር ቀድሞ ደርሶ ነበር። በጦርነትም ጊዜ አገልግሏል። በ1940 ኢጣልያ ከሰላንና ጋላባትን በያዘች ጊዜ፣ ገዳሪፍ በጋላባት ግንባር ለተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር የስንቅና የትጥቅ ማራገፊያ ሆነች። የሰሜኑ መስመር ከሰላ ላይ ስለ ተቋረጠ ጭነቱ የሚመጣው በሰናር በኩል ነበር።

በ1941 ከሰላ ነጻ ከወጣች በኋላ እንግሊዞች ሐዲዱን ድንበር አሻግረው እስከ ተሰነይ አደረሱት። ከምፅዋ የተነሣው የኢጣልያ ባቡር ደግሞ በአስመራ፣ በከረንና በአቆርዳት አልፎ በ1932 ቢሻ ደርሶ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ጫፎች ቢቀራረቡም አልተገናኙም። የሱዳኑ ሐዲድ ስፋት 1067 ሚሊ ሜትር፣ የኤርትራው 950 ሚሊ ሜትር ስለ ነበረ፣ ቢገናኙ ኖሮ እንኳ ፉርጎው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፍ ባልቻለ ነበር። እያንዳንዱ ገዥ ሐዲዱን የዘረጋው ወደ ራሱ ወደብ ነበርና የጎረቤቱን ሐዲድ ልክ አላሰበበትም። ኋላም ሁለቱም ጫፎች ከአገልግሎት ወጡ።

የገዳሪፍ መስመር ግን ብዙ ዓመት ሠራ። በ1980 ከካርቱም ተነሥቶ በገዳሪፍና በከሰላ አልፎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ ሲጠናቀቅ ነጋዴው ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። የጭነት መኪና እርሻው ድረስ ገብቶ ይጭናል፤ ለባቡር ግን እህሉን ጣቢያው ድረስ ማምጣት ያስፈልጋል። መረሬው አፈርም አስቸጋሪ ነበር። ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሐዲዱ ዘወትር ካልተቃና ይጎብጣል። ጥገና ሲጓደል ባቡሩ ይዘገያል፤ ባቡሩ ሲዘገይ ጭነት ይጠፋል፤ ጭነት ሲጠፋም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አይገኝም። በዚህ ዓይነት አንዱ ጉድለት ሌላውን እየወለደ መስመሩ ጸጥ አለ።

የተተወ የባቡር መንገድ ለሚመረምረው ሰው ብዙ ይናገራል። የአፈሩ ድልድል ከፍታ የጎርፉን ኃይል ያሳያል። የውኃ ማጠራቀሚያው የእንፋሎት ባቡር በየርቀቱ ውኃ ይሞላ እንደ ነበረ ያስረዳል። የመጫኛው መድረክ ርዝመትም የገበያውን ስፋት ይመሰክራል። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በ2016 በአዲስ መስመር ስለ ተተካ፣ በኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ አሮጌ ጣቢያዎች ይገኛሉ። ብረቱ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ሊውል ይችላል፤ በጣቢያው የሠሩት ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ካለፉ ግን የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ይቀበራል።

የቃላት ፍች
ደለል፦ ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው ለም አፈር
መረሬ፦ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር ጭቃማ አፈር
ፉርጎ፦ በባቡር የሚሳብ የጭነት ወይም የመንገደኛ ሠረገላ

ጥያቄዎች
1. የመረብ ወንዝ ከሐዲዱ መሠራት ጋር ምን ግንኙነት አለው?
2. ሁለቱ ሐዲዶች ቢገናኙ ኖሮ ምን ችግር ይገጥም ነበር?
3. «አንዱ ጉድለት ሌላውን እየወለደ» የተባለው ምን ለማለት ነው?
4. በአካባቢያችሁ ከአገልግሎት የወጣ ጣቢያ፣ ድልድይ ወይም ወፍጮ ፈልጉ፤ የሚያውቁትን አዛውንቶች ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ።