የተረሳው ነገር የት ይሄዳል? ሮም፣ ፍሮይድና የሳይኮአናሊሲስ አመጣጥ

በሮም ከተማ ከኮሎሲየም ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ጎብኚው በደረጃ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ግን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ከዚያም ዝቅ ሲል የጥንት ሮማውያን ሚትራ ለተባለው አምላክ ሥርዓት የሚፈጽሙበት ጠባብና ጨለማ ክፍል ይጠብቀዋል። ተከታዩ ትውልድ የቀደመውን ጠራርጎ አላጠፋውም፤ በላዩ ላይ ገነባበት እንጂ።

የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ የሰውን አእምሮ ለማስረዳት ከተጠቀመባቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህችው ከተማ ናት። ሳይኮአናሊሲስ ወይም ሥነ ልቡናዊ ትንተና በአንድ በኩል የሕክምና ዘዴ፣ በሌላ በኩል ስለ አእምሮ አሠራር የቀረበ ንድፈ ሐሳብ ነው። መነሻውም አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው የረሳው፣ ወይም ሊያስበው ያልፈለገው ነገር የት ይሄዳል? ጥያቄው ዛሬ በሮም ዳርቻ፣ ሮማኒና በተባለው ሠፈር ለኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞችም የቅርብ ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንግግር ፈውስ

ፍሮይድ በ1856 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገውም የሠራውም በቪየና ነው። በሙያው የነርቭ ሐኪም ሲሆን፣ በወጣትነቱ በቤተ ሙከራ የዓሣ የነርቭ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ያጠና ነበር። በ1885 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከታዋቂው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ዘንድ ሲማር፣ እጃቸው ወይም እግራቸው ሽባ የሆነ፣ ነገር ግን በነርቫቸው ላይ ምንም ጉዳት የማይታይ ሕሙማን ተመለከተ። ሻርኮ በሂፕኖሲስ እንዲህ ያለውን ሽባነት በንግግር ብቻ ሲያመጣውና ሲያስወግደው አየ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ከባድ ነበር፤ ሐሳብ ብቻውን አካልን ሊያሳምም ይችላል።

በቪየና ደግሞ የሥራ ባልደረባው ዮሴፍ ብሮየር ከ1880 እስከ 1882 አንዲት ወጣት ሴት አክሞ ነበር። በጽሑፍ አና ኦ. ተብላ የምትታወቀው ይህች ሴት የታመመ አባቷን ስታስታምም ቆይታ፣ እጅና እግሯ ይደነዝዝ፣ እይታዋ ይታወክ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋም ይጠፋባት ጀመር። እያንዳንዱ ምልክት መቼና እንዴት እንደጀመረ ስትናገር ግን ሕመሙ ይቀልላት ነበር። ዘዴውን «የንግግር ፈውስ» ብላ የሰየመችው ራሷ ናት። ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 ስለ ሂስተሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪኳ የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል።

የታሪክ አጥኚዎች ኋላ እንደደረሱበት ግን ሕክምናው እንደተወራው የተሟላ አልነበረም። ሴትዮዋ ከብሮየር ሕክምና በኋላ በ1882 የሕሙማን ማረፊያ ገብታ ነበር። ስትድን በእውነተኛ ስሟ በርታ ፓፐንሃይም ታዋቂ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛና የሴቶች መብት ተሟጋች ሆነች። ሳይኮአናሊሲስ ከውልደቱ ጀምሮ ትልቅ ግኝትንና የተጋነነ ተስፋን አብሮ ይዞ ነበር።

ፍሮይድ ቆይቶ ሂፕኖሲስን ተወ። ታካሚው በድንክ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ፣ አሳፋሪም ይሁን ተራ፣ ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲናገር ማድረግ ጀመረ። «ሳይኮአናሊሲስ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመው በ1896 ነው።

ከሮም ደጃፍ የተመለሰው ሐኪም

ፍሮይድ ሮምን ለማየት ለዓመታት ይመኝ ነበር። በ1897 ጣሊያን ገብቶ እስከ ትራሲሜኖ ሐይቅ ድረስ ቢደርስም ወደ ከተማዋ ሳይዘልቅ ተመለሰ። ለምን? በ1899 መጨረሻ ታትሞ 1900 የሚል ቀን በወጣበት የሕልም ፍቺ መጽሐፉ ራሱን መርምሮ መልስ ሰጥቷል።

በተማሪነቱ ጀግናው ሐኒባል ነበር። የካርታጎው የጦር መሪ በ217 ዓመተ ዓለም በዚያው በትራሲሜኖ ሐይቅ ሮማውያንን ድል ቢያደርግም ሮም ሳይገባ ቀርቷል። ከዚህ ጋር አንድ የልጅነት ትዝታ ተያይዟል። አባቱ በወጣትነቱ መንገድ ላይ ሲሄድ አንድ ሰው አዲስ ቆቡን ጭቃ ውስጥ ጥሎ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ከእግረኛ መንገዱ እንዲወርድ አዘዘው። ልጁ «አንተስ ምን አደረግህ?» ሲል ጠየቀ። አባት ወርዶ ቆቡን ማንሳቱን ነገረው። ልጁ አፈረ፤ ልጁን በሮም ላይ እንዲበቀል ያስማለውን የሐኒባልን አባት ተመኘ። ፍሮይድ እንደተረጎመው ከሮም ጉዞው ፍርሃትና ጉጉት በስተጀርባ ያልሻረ ውርደትና ያልተነገረ ፉክክር ነበር።

በመስከረም 1901 ከወንድሙ ጋር ሮም ገባ። በሕይወቱ ሰባት ጊዜ ጎበኛት። በማይክል አንጄሎ የተቀረጸውን የሙሴ ሐውልት ደጋግሞ ተመልክቶ በ1914 ስሙን ሳይገልጽ ስለ እርሱ ጥናት አሳተመ።

ዋና ዋናዎቹ ሐሳቦች

የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ሰው የአእምሮውን ሥራ ሁሉ አያውቅም የሚል ነው። ከንቃተ ህሊና ውጭ ያለው ክፍል ፍላጎትን፣ ፍርሃትንና ትዝታን ይዞ ሰውዬው ሳያውቅ ድርጊቱን ይመራል።

ሁለተኛው አፈና ነው። ሊታሰብ የሚከብድ ነገር ከንቃት ይገፋል፤ ቢገፋም ግን አይሞትም። በሕመም ምልክት፣ በሕልም ወይም በአፍ ወለምታ መልኩን ለውጦ ይመለሳል። አበው «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመልጥ አይታወቅም» ይላሉ። ፍሮይድ በ1901 ባሳተመው ሥራው፣ አፍ ሲያመልጥ ሁልጊዜ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፣ ተናጋሪው ሊሸሽገው የፈለገውም አብሮ ሊያመልጥ ይችላል ሲል ተከራከረ።

ሦስተኛው የሕልም ትርጓሜ ነው። ፍሮይድ የሕልምን ገጽታ ከተሰወረው ፍሬ ነገር ለየ። ይህ ለቅኔ ወዳጅ እንግዳ አይሆንም፤ አንዱ ሰም ሌላው ወርቅ ነው። ልዩነቱ ባለቅኔው ወርቁን አውቆ መደበቁ ነው፤ ሕልም አላሚው ግን የገዛ ራሱን ወርቅ አያውቀውም። ደግሞም በባህላችን ሕልም በአብዛኛው ስለሚመጣው ነገር ይፈታል፤ ፍሮይድ ግን ስላለፈውና ስለተመኙት ነገር ፈታው።

አራተኛው በ1923 የቀረበው የአእምሮ ክፍፍል ነው። ኢድ ፍላጎቱን አሁኑኑ ማርካት የሚሻው፣ ሱፐር ኢጎ ከወላጅና ከኅብረተሰብ የተወረሰው ከልካይና ወቃሽ፣ ኢጎ ደግሞ በሁለቱና በውጪው ዓለም መካከል የሚያስማማው ነው። እነዚህ በአንጎል ውስጥ ተለይተው የሚገኙ ቦታዎች ሳይሆኑ ውስጣዊ ግጭትን ለማስረዳት የተሰጡ ስሞች ናቸው።

አምስተኛው፣ ታካሚው ለወላጆቹ ወይም ለሌሎች የቅርብ ሰዎች የነበረውን ፍቅር፣ ቁጣና ፍርሃት ሳያውቅ በሐኪሙ ላይ ማሳረፉ ነው። የድሮው ግንኙነት በሕክምና ክፍሉ ውስጥ እንደገና ስለሚታይ፣ ሐኪሙ ከተረት ይልቅ በዓይኑ የሚያየውን ይመረምራል።

ጦርነት ያረመው ንድፈ ሐሳብ

ፍሮይድ ሕልም የተሰወረ ምኞት መፈጸሚያ ነው ብሎ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ግን ሌሊት ሌሊት ያንኑ ፍንዳታ፣ ያንኑ ሞት እያለሙ በላብ ተጠምቀው ይነቁ ነበር። ይህን የሚመኝ ማን ነው? ፍሮይድ በ1920 ባሳተመው ሥራው ሐሳቡን አሻሻለ። አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለውን ድንጋጤ ዘግይቶም ቢሆን ለመቆጣጠር ሲል ደጋግሞ ይመለስበታል አለ። ዛሬ ሐኪሞች ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከሰት የአእምሮ ጭንቀት ብለው በሚጠሩት ሕመም ውስጥ ይህ ተደጋጋሚ ቅዠት ከዋነኞቹ ምልክቶች አንዱ ነው።

ሮም ራሷ የረሳችው

ሳይኮአናሊሲስን በጣሊያን የተከለው የትሪየስቴ ተወላጁ ኤዶአርዶ ቫይስ ነው። በ1931 ወደ ሮም ተዛውሮ በ1932 የጣሊያን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበርን በከተማዋ እንደገና አቋቋመ፤ መጽሔትም ጀመረ። መጽሔቱ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። በ1938 የዘር ሕጎች ታወጁ፤ አይሁዳዊው ቫይስም በ1939 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ፍሮይድም ከናዚዎች ሸሽቶ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ሞተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚመርር አንድ እውነት አለ። በሚያዝያ 1933 ቫይስ አንዲት ታካሚውን ይዞ ቪየና ሄደ። አብሯቸው የነበረው የታካሚዋ አባት የሙሶሊኒ ወዳጅ ስለነበር፣ ፍሮይድ ለመሪው የሚሰጥ መጽሐፍ እንዲፈርም ተጠየቀ። እርሱም ከአልበርት አንስታይን ጋር ስለ ጦርነት መንስኤ የጻፈውን መርጦ፣ ሙሶሊኒን የሥልጣኔ ጀግና አድርጎ የሚያወድስ መታሰቢያ ጻፈበት። ምፀት ነው፣ ጨዋነት ነው፣ ወይስ ማኅበሩን ለማትረፍ የተደረገ ጥረት? ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የሙሶሊኒ ሠራዊት ኢትዮጵያን ወረረ።

አገርስ እንደ ሰው ያፍናል? ንጽጽሩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ የጣሊያን ቋንቋ ግን ትኩረት የሚስብ ምስክር ያቀርባል። ጣሊያናውያን ለትርምስና ለዝብርቅርቅ ነገር «አምባራዳን» ይላሉ። ቃሉ የመጣው በየካቲት 1936 ደም አፋሳሽ ውጊያ ከተካሄደበት ከእንደርታው አምባ አራዳም ነው። ብዙው ተናጋሪ ምንጩን አያውቅም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1996፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። በታሪክ የተሸፈነው በዕለት ተዕለት ቀልድ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ሳይንስ ምን ይላል?

የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር፣ ማንኛውም ውጤት ቢመጣ ትክክል ነኝ የሚል ንድፈ ሐሳብ ሳይንስ አይባልም ሲል ሳይኮአናሊሲስን ተችቷል። ፍሮይድ ስለ ሮም ጉዞው የሰጠው ማብራሪያ ውብ ነው፤ ስሕተት ከሆነ ግን ስሕተቱ በምን ይታወቃል? በጥቂት ሕሙማን ታሪክ ላይ የተመሠረቱት ስለ ልጆችና ስለ ሴቶች ያቀረባቸው በርካታ ድምዳሜዎችም ዛሬ ተቀባይነት የላቸውም።

የሮም ምሳሌውም ጎድሏል። ፍሮይድ በ1930 በወጣው መጽሐፉ፣ የየዘመኑ ሕንፃዎች ሁሉ ሳይፈርሱ በአንድ ቦታ የቆሙባትን ሮም እንድናስብ ጋብዞ፣ በአእምሮ ውስጥ አንዴ የተፈጠረ ነገር እንደማይጠፋ ሊያሳይ ሞክሯል። የዘመኑ የትዝታ ጥናት ግን የተለየ ነገር ያሳያል። ትዝታ እንደ ድንጋይ ተቀብሮ አይቆይም፤ በተነሣ ቁጥር እንደገና ይገነባል፣ ይለወጣልም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ ሰዎች ያልደረሰባቸውን ነገር እንደ ትዝታ ሊቀበሉ እንደሚችሉ በሙከራ አሳይታለች። ስለዚህ ሐኪም የተቀበረ ትዝታ ቆፋሪ ነኝ ብሎ በታካሚው ላይ የራሱን ሐሳብ እንዳይተክል መጠንቀቅ አለበት።

የጸናውስ? አብዛኛው የአእምሮ ሥራ ከንቃት ውጭ እንደሚካሄድ የላቦራቶሪ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የልጅነት ግንኙነት በኋላ ሕይወት ላይ አሻራ መተዉ አያከራክርም። በጥንቃቄ ማዳመጥ ሕክምና ነው የሚለው ሐሳብ ደግሞ ዛሬ ያሉ የንግግር ሕክምናዎች ሁሉ የጋራ ውርስ ነው።

ከቪየና እስከ ሮማኒና

በደቡብ ምሥራቅ ሮም በሮማኒና ሠፈር «ሰላም ፓላስ» የሚባል ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ አለ። ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ መማሪያ ነበር። ከ2006 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ፣ የኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የሱዳን ስደተኞች ኖረውበታል፤ በ2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር ጎብኝተው የኑሮ ሁኔታውን አጥብቀው ተችተዋል። ብዙዎቹ የሰሐራን በረሐ፣ ሊቢያንና የሜዲትራኒያን ባሕርን አቋርጠው የመጡ ናቸው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት እንዲህ ያለ መንገድ ካለፉ ሰዎች መካከል ከአሰቃቂ ገጠመኝ የሚከተለው ሕመም ከሌላው ሕዝብ በእጅጉ ከፍ ይላል። ያልተረጋጋ መጠለያና የመኖሪያ ፈቃድ ጥበቃም ያባብሱታል።

ሕመሙ ሁልጊዜ በስሙ አይመጣም። ምርመራ መነሻውን የማያገኝለት የራስ ምታት፣ የልብ ትርታ፣ የሆድ ቁርጠት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ድንገተኛ ቁጣ ሆኖ ሊገለጥ ይችላል። በእኛ ዘንድ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል እንደ ጀግንነት ይቆጠራል፤ ለቤተሰብም ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ» ይባላል። ያው ባህል ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ምክርም አለው።

ይህ ማለት ግን ማንም እንዲናገር ይገደድ ማለት አይደለም። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው በአንድ ስብሰባ ሁሉንም እንዲዘረግፍ ማድረግ እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል በምርምር ታውቋል። የሚጠቅመው በሠለጠነ ባለሙያ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሰውዬው በሚያውቀው ቋንቋና በራሱ ፍጥነት የሚሰጥ ሕክምና ነው። ለስደተኞች ታስቦ የተዘጋጀ፣ ሰው የሕይወቱን ክፉና ደግ በቅደም ተከተል እየተረከ የተበታተነውን ትዝታ ወደ አንድ ታሪክ የሚመልስበት ዘዴም አለ፤ ውጤቱም በጥናት ተፈትኗል።

ቅዠቱ ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ሥራና እንቅልፍ ካስተጓጎለ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ሐኪሙ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲመድብለት ቢጠይቅ ይመረጣል። ዘመድ ወይም ልጅ ሲያስተረጉም ከባዱ ነገር ሳይነገር ይቀራልና።