ውሃ የሚያስገባ ጀልባና የተበላ ወለል

«ሰቆጣ ደጋ ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከዋግ ቆላ ከፊሉ የሐይቅ ዳር አገር ሆኗል። ነገ ከመካከላችን እዚያ የሚመደብ ይኖራል፤ የዓሣ አጥማጅ ልጆችንም ያስተምራል። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚያስገባ ስንጥቅ በአንድ ሰዓት 120 ኪሎ ይጨምራል፤ ሁለት ሰው ሳይከፍል ተሳፈረ ማለት ነው! ይባስ ብሎ ጀልባው ዘንበል ሲል ውሃው ወደዚያው ወገን ይሮጥና ሊገለብጠው ይችላል።

ስንጥቁ ከየት ይመጣል? የጣናን ታንኳ እናስታውስ። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ወጥቶ ይደርቃል። የሳንቃ ጀልባ ግን ተቃራኒ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲከርም ሳንቃው ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ አብጦ ይገጥማል። ጥላ ሥር ማቆየቱ ግማሽ ጥገና ነው።

አጠጋገኑ እንደሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ጀልባውን የብስ ላይ አውጥቶ ጥቂት ውሃ ውስጡ መጨመርና የሚያንጠባጥብበትን በከሰል ምልክት ማድረግ።

ሁለተኛ፣ ሲደርቅ አሮጌውን መድፈኛ ፍቆ፣ የጥጥ ፈትል ጠቅጥቆ ሬንጅ መቀባት። ከልክ በላይ ከተጠቀጠቀ ግን ሳንቃው ሲያብጥ መጋጠሚያውን ይገፋል።

ሦስተኛ፣ ወለሉን በቢላ ጫፍ መውጋት። ቢላው ዝም ብሎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። በላዩ ሌላ ሳንቃ መደረብ ብስባሹን መሸፈን ነው፤ ይነሣ! ከሥር ያለው አግዳሚም እንዲሁ ይፈተሽ።

አራተኛ፣ በደንብ የደረቀ ጽድ ወይም ዋንዛ መምረጥ። ጥሬ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በወለሉ ሳንቆች መካከል የምስማር ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው። አንዱ ሳንቃ ተነሺ ይሁን፤ የተጠራቀመው ውሃ በዚያ ይቀዳል።

ለክፍል ሙከራ ጣሳ በምስማር በስተን ባልዲ ውሃ ላይ እናንሳፍፍ፤ እስኪሰጥም ያለውን ጊዜ ልጆቹ ይቁጠሩ። ከዚያም ቀዳዳውን በሰም ደፍነው እንደገና ይሞክሩ። ይህን ያየ ልጅ ቤቱ ሲገባ «አባባ፣ ወለሉን አንሥተን እንየው» ማለቱ አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።