ደቦ ወይስ ወንፈል? ለአስተዋፅኦ አዝማሚያ ጥናት የበይነ መረብ በጎ ፈቃደኛ ማኅበረሰቦችን ስለ መምረጥ

በጎ ፈቃደኞች በበይነ መረብ የሚያበረክቱት ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ይህ ጥያቄ መልስ ከማግኘቱ በፊት የትኛው ማኅበረሰብ ይቈጠር በሚለው ሌላ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። በዘርፉ ደጋግሞ የሚጠቀሰው ግኝት፣ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ንቁ አርታዒዎች ቍጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ መውረዱ፣ ከአንድ ግዙፍ ማኅበረሰብ የተገኘ ነው። በኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ቦታዎች ላይ የሚሠሩ ማኅበረሰቦች ግን በመጠንም በአሠራርም ከዚያ ይለያሉ፤ መለኪያውን ሳይመረምሩ ማዛወር የሚያስከትለው ስሕተት ቀላል አይደለም።

ለማሳያ መርጡለ ማርያምን መውሰድ ይቻላል። በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ከንግሥት እሌኒ ስም ጋር በተያያዘው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗ በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀች ናት። ስለ እርሷ በውክፔዲያ የሚጽፈው ሰው በሞጣ፣ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ሊኖር ይችላል። ቤቶቿንና መንገዶቿን በኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሚሥለውም ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ፣ የሳተላይት ምስል እያየ የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል። የተመዘገበ ተጠቃሚ የግንኙነት አድራሻ ለሕዝብ ስለማይገለጽ፣ ከመረጃው «ስለ ምሥራቅ ጎጃም የተሠራ ሥራ» ይገኛል እንጂ «የምሥራቅ ጎጃም አበርካቾች» የሚባል ናሙና አይገኝም። የመጀመሪያውን ለካሁ ብሎ ስለ ሁለተኛው መደምደም በዚህ ዓይነት ጥናት የተለመደ ስሕተት ነው። በዚህ ላይ የከተማይቱ ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገኝ በአንዱ ብቻ የሚፈልግ አጥኚ ከፊሉን ሥራ ሳያየው ያልፋል።

አገርኛው የሥራ ልማድ ለምርጫው ጠቃሚ መለያ ይሰጣል። በደቦ አንድ ባለ ጉዳይ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሠርቶ፣ በልቶና ጠጥቶ ይበተናል። በወንፈል ግን ተሳታፊዎች ተራ ጠብቀው አንዱ ለሌላው ይሠራሉ፤ ግንኙነቱም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ የተስፋፋው በዘመቻ የሚካሄድ የካርታ ሥራ ደቦ ነው፦ በጥቂት ቀናት ብዙ ሰው ይገባል፣ አብዛኛው አይመለስም። የውክፔዲያ አርትዖት በአመዛኙ ወደ ወንፈል ያዘነብላል። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ደምሮ የወር ተሳታፊዎችን መቍጠር፣ ዘመቻ ያለበትን ወር እንደ ዕድገት፣ ቀጣዩን እንደ ውድቀት እንዲነበብ ያደርጋል። በኦፕንስትሪትማፕ ብዙ ጊዜ ሥራው የየትኛው ዘመቻ እንደ ሆነ የሚያሳይ መለያ ስለሚጻፍ ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ይህ ሳይደረግ ማኅበረሰቡን ማካተት ተገቢ አይሆንም።

የአማርኛው ውክፔዲያ መካተት አለበት፤ ግን ከየትኛው ዓመት ጀምሮ? እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ በየገጹ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የሚወስዱትን ማያያዣዎች በአብዛኛው የሚያስገቡት ቦቶች ነበሩ። ማያያዣዎቹ ወደ ዊኪዳታ ሲዛወሩ ይህ ሥራ ከየቋንቋው ገጾች ጠፋ። ቦቶችን ሳይለይ የአርትዖት ብዛት ብቻ የሚያይ ሰው አንድም ሰው ሳይሄድ ማኅበረሰቡ የተበተነ ይመስለዋል። የመጣጥፎች ብዛትም ያሳስታል፤ ከአማርኛ ገጾች ብዙዎቹ አንድ አንድ ተረትና ምሳሌ የያዙ አጫጭር ገጾች ናቸው፤ እነርሱን ከታሪክ መጣጥፍ ጋር እኩል መቍጠር አይገባም። የንቁ አርታዒ የተለመደው መስፈርት በወር አምስት አርትዖት ነው። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን አርታዒዎች ከ10 ወደ 7 ቢወርዱ 30 በመቶ ቅናሽ ይባላል፤ ምክንያቱ የሦስት ሰዎች ፈተና ወይም የሥራ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከወር ይልቅ ዓመትን መለኪያ ማድረግ ይሻላል፤ ዓመቱም ከመስከረም ቢጀምር የክረምቱ ዕረፍት ለሁለት አይከፈልም።

ዛሬ በሕይወት ያሉትን ብቻ መምረጥ ሌላ አድልዎ ነው። የአፋርኛው ውክፔዲያ ተዘግቷል፤ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሶማልኛ ግን አሉ። ከናሙናው አፋርኛን የሚያወጣ ጥናት ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚከስም ሊናገር አይችልም፤ ዋናው ትምህርት ያለውም እዚያው ነው።

ከዚያ የግንኙነት መቋረጥ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በብዙ ቦታዎች ለወራት ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ጊዜ የታየ ቅናሽ የፈቃደኝነት መድከም ምልክት አይደለም። በተቃራኒው፣ ነዋሪዎቹ ከመስመር ውጭ ሆነው ሳለ የመርጡለ ማርያምና የቢቸና ካርታ በሩቅ ሰዎች እጅ ሊያድግ ይችላል። በመሆኑም የሚመረጠው ማኅበረሰብ አባላቱ ከአገር ውስጥና ከውጭ የተቀላቀሉ ከሆነ፣ የተቋረጡት ወራት ተለይተው መተንተን አለባቸው እንጂ በአማካይ መሸፈን የለባቸውም።

የተሟላ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነና የማይሰረዝ የሥራ ታሪክ መኖር ጥብቅ መስፈርት ከሆነ የቴሌግራም ቡድኖች ይወድቃሉ፤ የአባላት ብዛት ሥራን አያሳይም፣ መልእክትም ይሰረዛል። መስፈርቱ ትክክል ነው፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስለ አካባቢያቸው ፎቶግራፍ፣ የቦታ ስምና ታሪክ የሚለዋወጡ የወረዳ ተወላጆች ከሌላ ቦታ ይልቅ በእንዲህ ያሉ ቡድኖች ሊገኙ ይችላሉ። እነርሱን ያስቀረ ናሙና ስለ ምሥራቅ ጎጃም ሲናገር ከምሥራቅ ጎጃም ሰው የማያገኝበት ዕድል አለ። ቡድኖቹን በቍጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ፣ በአባላቱ ፈቃድና ስማቸው ሳይገለጽ በሞጣ፣ በቢቸናና በመርጡለ ማርያም ቃለ መጠይቅ ማካሄድና ግኝቱን በተለየ ክፍል ማቅረብ የተሻለ መንገድ ነው፤ የናሙናውም ስም «ታሪካቸው የተመዘገበ ማኅበረሰቦች» ተብሎ በርእሱ ላይ ቢጻፍ አንባቢው ማን እንደ ቀረ ከመጀመሪያው ያውቃል።