ግራፋችን ለምን ተበላሸ?

የዛሬው ትምህርታችን በኤክሴል ግራፍ መሥራት ነው። ግራፍ ማለት ቁጥርን በሥዕል ማሳየት ነው። ሥዕሉ አንዳንድ ጊዜ ይበላሻል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቆንጆ ሆኖ ይዋሻል! ሁለቱንም እናስተካክላለን።

መጀመሪያ ቁጥሮቻችንን እንያቸው። ከተማችን ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል ከፍ ስላለች «ማይል ሃይ ሲቲ» ትባላለች። አዲስ አበባ ግን ከእሷም በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ከፍታቸው በሜትር ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ የኢትዮጵያዎቹ ቁጥሮች ግምታዊ ናቸው።

ዴንቨር፦ 1,609
አዲስ አበባ፦ 2,355
ኤልበርት ተራራ (የኮሎራዶ ትልቁ ተራራ)፦ 4,401
ራስ ደጀን (ብዙዎች ራስ ዳሸን ይሉታል፤ የኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ)፦ 4,550
የደናክል ዝቅተኛው ቦታ (አፋር)፦ -125

የደናክል ቁጥር ፊት ያለው ጭረት ቦታው ከባሕር ወለል በታች መሆኑን ያሳያል። እሱን ለመጨረሻ እናቆየውና በአራቱ እንጀምር።

1. ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆኑ

«ራስ ደጀን» ብላችሁ ጽፋችሁ ግራፉ ላይ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ከታዩ አትደንግጡ፤ ጽሑፉ አልጠፋም። የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ግራፉን ክሊክ አድርጉና ፎንቱን ወደ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀይሩት።

በሳጥን ፈንታ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ከመጣስ? ጽሑፉ በድሮ ፎንት ተጽፎ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ፎንቶች የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ቦታ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በዩኒኮድ እንደገና ጻፉት።

2. ዓምዱ ጠፋ

የራስ ደጀን ስም አለ፣ ዓምዱ ግን የለም። ሴሉን እዩት። «4,550 ሜትር» ወይም «4,550 ገደማ» ብላችሁ ጽፋችኋል? ኤክሴል ቃል የተቀላቀለበትን ነገር እንደ ቁጥር አይቆጥረውም፤ ዓምዱን ዜሮ ያደርገዋል። ሴሉ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። «ከፍታ በሜትር» የሚለው ከላይ፣ በርዕሱ ላይ ይሁን።

3. ኤልበርት ሰማይ ነካ

የአሜሪካ መጻሕፍት የኤልበርትን ከፍታ 14,440 ብለው ይጽፋሉ። ይህ በጫማ ነው። በጫማ የተለካውን ከሜትር ጋር ካቀላቀላችሁት ኤልበርት የራስ ደጀንን ሦስት እጥፍ ይሆናል! ሴሉ ውስጥ =14440*0.3048 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል ራሱ ወደ ሜትር ይለውጥላችኋል።

4. ራስ ደጀን ግዙፍ ሆነ

ይህን በደንብ አንብቡት። አሁን ሁለቱን ተራሮች ብቻ ለይታችሁ ግራፍ ሥሩ። ቁጥሮቹ ስለሚቀራረቡ ኤክሴል ዘንጉን ከዜሮ ሳይሆን ምናልባት ከ4,300 ይጀምረዋል። ያን ጊዜ የሚታየው ከ4,300 በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ለኤልበርት 101 ሜትር፣ ለራስ ደጀን 250 ሜትር። የእኛ ተራራ ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ቁጭ ይላል!

ደስ አይልም? ደስ ይላል። ግን እውነት አይደለም። በእውነቱ ራስ ደጀን የሚበልጠው በ149 ሜትር ያህል ነው። ይህን ግራፍ ለክፍል ጓደኞቻችሁ ብታሳዩ አንድ ልጅ ቁጥሩን አይቶ «ይሄ ትክክል አይደለም» ይላችኋል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሩም ማን ያምናችኋል? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ!

የቁመቱን ዘንግ ራይት ክሊክ አድርጉ፤ «ፎርማት አክሲስ» የሚለውን ምረጡና «ሚኒመም» ላይ 0 ጻፉ። አሁን ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። ራስ ደጀን አሁንም ይበልጣል፤ ልክ በሚበልጠው ያህል።

5. ደናክል የት ገባ?

አሁን አምስቱን ቦታዎች በአንድ ግራፍ አድርጉ። እዚህ ላይ ሚኒመሙ 0 ከሆነ ደናክል አይታይም፤ ምክንያቱም እሱ ያለው ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ሚኒመሙን -1000 አድርጉት። ዓምዱ ወደ ታች ሲወርድ የቦታው ስም ላይ ሊያርፍ ይችላል። የአግድሙን ዘንግ ራይት ክሊክ አድርጉ፤ «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ ገብታችሁ «ሌብል ፖዚሽን»ን «ሎው» በሉት። ስሞቹ ሁሉ ከታች ይሰለፋሉ።

አስታውሱ፦ ግራፉ እንግዳ ነገር ሲያሳያችሁ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ዘንጉን።

አዲስ ቃላት

ሰንጠረዥ፦ ቁጥርና ስም በረድፍ የሚጻፍበት
ዓምድ፦ ግራፍ ላይ የቆመው ምሰሶ
ዘንግ፦ ቁጥሮቹ ወይም ስሞቹ የሚደረደሩበት መስመር
ግምታዊ፦ በትክክል ያልሆነ፣ ወደዚያ የሚጠጋ

የቤት ሥራ

እናታችሁን ወይም አባታችሁን «የተወለዳችሁበት አገር ከፍታው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቁ አብራችሁ ፈልጉ። ከዴንቨር ጋር በግራፍ አወዳድሩትና ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉ። ዘንጉ ከዜሮ መጀመሩን እንዳትረሱ!